300 ሴኮንድ

ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ክፍል ማለት እንኳ ማጋነን ነው፤ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባት ጎሬ ናት። ድሮ የጽዳት ሠራተኞቹ መጥረጊያና ባልዲ ያኖሩባት ነበር፤ ዛሬም መወልወያቸውን ሳያስፈቅዱኝ አስደግፈውባት ይሄዳሉ። ግድግዳው ላይ አጠር ያለ ራክ ተሰቅሏል። ከላይ ፓች ፓነል፣ ከሥሩ ባለ 48 ፖርት ስዊች፣ ከታች ዩፒኤስ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ በኅዳር ሌሊት ብርዱ ከጮቄ ወርዶ አጥንት ይገባል። ማለዳ ሥራ ስገባ ከሁሉ በፊት ጎሬዋን ከፍቼ እጄን የስዊቹ ፋን ወደሚተፋው ሙቀት እዘረጋለሁ። ባልደረቦቼ «ምድጃህ እንዴት አደረች?» ይሉኛል።

እዚህ ሥራ ላይ 14 ዓመቴ ነው። ሥራህ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው «አገናኛለሁ» እላለሁ። ቃሉ ግን በአገራችን ሁለት ፊት አለው። ሽማግሌም ያገናኛል፣ ድልድይም ያገናኛል፤ ደላላም ያገናኛል፣ ነገር አመላላሽም ያገናኛል። እናም ለብዙ ጊዜ በሆዴ ይዤው የኖርሁት ጥያቄ አለ። በሁለት ሰዎች መካከል ቆሞ የሌላውን ነገር የሚያሳልፍ ሰው፣ ካሳለፈው ነገር የሚደርሰው ድርሻ ምን ያህል ነው? በዘረጋሁት ገመድ መዝሙርም ያልፋል፣ ስድብም ያልፋል፤ የእናት ሰላምታም የቁማር ብርም በዚያው ያልፋል። ደጉ ሲያልፍ ጽድቁ ካልደረሰኝ፣ ክፉው ሲያልፍ ዕዳው ለምን ይደርሰኛል?

መልሴ አንድ ነበር፤ አይደርሰኝም። ይህን ያስተማረኝ ደግሞ ስዊቹ ነው።

ስዊች እንዴት እንደሚሠራ ደጋ ላይ ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል። እኔ ያደግሁት ከሮብ ገበያ ወዲያ፣ ወደ ጮቄ መውጫው ላይ ነው። እዚያ ሰው የሚፈለገው ተራራ ላይ ወጥቶ፣ እጅን አፍ ላይ አድርጎ፣ «ኧረ እገሌ ሆይ!» ተብሎ ነው። ሸለቆው በሙሉ ይሰማል፤ የሚመልስ ግን ባለቤቱ ብቻ ነው። «አቤት!» ሲል ድምፁ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ። ሁለተኛ ስትጠራው ፊትህን ወደዚያው ታዞራለህ እንጂ አገሩን ሁሉ አታስጨንቅም። ስዊቹም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ 48 ቢት ያለው መለያ ቁጥር አለው፤ ግማሹ የሠሪውን ድርጅት፣ ግማሹ የራሱን የዕቃውን ማንነት ይናገራል። መልእክት ሲመጣ ስዊቹ የሚያየው ከማን እንደተላከና ለማን እንደሆነ ብቻ ነው። ላኪውን «ይህ ሰው በ7ኛው በር በኩል ነው» ብሎ ይይዛል። ተቀባዩን ካላወቀው፣ መልእክቱ ከመጣበት በር በስተቀር በሁሉም በሮች ይጣራል። ባለቤቱ «አቤት» ካለ በኋላ ግን ነገሩ በሁለቱ መካከል ይቀራል። ከስዊች በፊት ሀብ የሚባል ዕቃ ነበር፤ አንዱ የተናገረውን ለሁሉም የሚያደርስ። ሥራ ስጀምር አንድ ሁለቱ ቀርተው ነበርና በእጄ ነቅያቸዋለሁ። ወሬኛን ከቤት እንደማስወጣት ደስ ይል ነበር።

ስዊቹ ሁለት ነገር አያደርግም። ፖስታውን አይከፍትም፤ የያዘውንም አያኖርም። አንድ ኮምፒውተር ለ300 ሴኮንድ ዝም ካለ ስሙ ከሠንጠረዡ ይፋቃል። ብዙዎቹ ስዊቾች ከፋብሪካ ሲወጡ የሚታዘዙት በዚህ ቁጥር ነው፤ የፈለገ ባለሙያ ይለውጠዋል፣ እኔ ለውጬው አላውቅም። 5 ደቂቃ ካለፈ በኋላ እገሌ የሚባል በዚህ ቤት ይኖር እንደነበር ስዊቹ አያውቅም። ጀማሪ ሳለሁ ይህ የማሽኑ ድክመት ይመስለኝ ነበር። አለመክፈቱን ነበር የማደንቅለት፤ መርሳቱን ከቁም ነገር አልጻፍሁትም።

አክስቴም ስዊች ነበረች። ቀልዴን አይደለም፤ በአንዲት የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ ነው ጡረታ የወጣችው። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ሐረርን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው የ477 ኪሎ ሜትር መስመር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 ነበር። ካህናቱ በሣጥኑ ውስጥ ጋኔን አለ ብለው ተቃወሙ ይባላል። ሌላው ሰው ይህን ሲተርክ ይስቃል፤ እኔ አልስቅም። ካህናቱ የተሳሳቱት ቦታው ላይ ነው። ጋኔኑ መፈለግ የነበረበት በሣጥኑ ውስጥ ሳይሆን ከሣጥኑ አጠገብ ከሚቀመጠው ሰው ጆሮ ሥር ነበር።

አክስቴ ገመድ ነቅላ ገመድ ትሰካለች። ንግግሩ ማለቁን ለማወቅ ደግሞ ጣልቃ ገብታ ማዳመጥ ነበረባት። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ማን ከማን እንደተበደረ፣ የማን ልጅ ዓረብ አገር እንደታሰረች፣ የማን ትዳር በክር ላይ እንደቆመ ታውቅ ነበር። ቡና ላይ ጎረቤቶቿ በዚህም በዚያም ይፈትኗታል፤ «እገሌ ደውሎ ነበር አሉ?» ይሏታል። ሲኒዋን ታዞርና «ሰማሁ እንጂ አልያዝሁም» ትላለች። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ አነጋገሯ ገርሞኝ ያልፋል። ሰምቶ አለመያዝ እንዴት ይቻላል? ጆሮ ወንፊት ነው?

ወደ ጎሬዬ ልመለስና ስለ ጥገና ጥቂት ልበል፤ ሰው ስዊች ማለት አንዴ ሰክተውት የሚረሱት ዕቃ ይመስለዋል። በበጋ አቧራው ፋኑን ያንቀዋል፤ በየሦስት ወሩ አጥፍቼ፣ ፈትቼ፣ በመንፊያ አጠራዋለሁ። በክረምት መብረቁ አለ። በኛ አገር ሰማይ ሐምሌ ላይ ሲያጉረመርም ያልሰማ ሰው ግራውንዲንግ ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባውም። ከዚያ አይጧ አለች፤ የኬብል ልባስ ምኑ እንደሚጣፍጣት እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። ካት ሲክስ ኬብል ስትፈታው 8 ሽቦ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው በ4 ጥንድ ተጋምደዋል። ጫፉን ስናስር ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ እያልን እንደረድራለን፤ ይህን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣዋለሁ። የሚጋመዱበትን ምክንያት ያወቅሁ ቀን ሰርግ ላይ ለመናገር አስቀምጬው ነበር። ከውጭ የሚመጣ ሁከት የተጋመዱትን ሁለቱን ሽቦዎች እኩል ይመታቸዋል፤ ተቀባዩ የሚያነበው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ስለሆነ እኩል የደረሰባቸው ይጣፋል። ተነጣጥለው ቢሆን አንዱ ብቻውን ይበጠበጥ ነበር። ይህን ለሚዜዎቹ ነግሬያቸው የሳቀ የለም።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ የማያውቁኝ ሰዎች ሁሉ በር ላይ ቆመው «አንተ ዘንድ አለ?» ይሉኝ ነበር። የስዊቹ መብራቶች እንደ ወትሯቸው ይጨፍራሉ። ውጭው መዘጋቱን አያውቁም፤ ቤት ውስጥ ያለው ከቤት ውስጥ ሰው ጋር እየተነጋገረ ነው።

የሽቦውን ሁከት ካነሣሁ አንድ ቀን የደረሰውን ልናገር፤ ወደፊት ያስፈልገኛል። የምዝገባ ሳምንት ነበር። አንድ ንጽሕና የሚወድ ሠራተኛ ወለል ላይ የተጣለ የኬብል ጫፍ ያገኛል። «ይህ ወልቆ ነው» ብሎ ግድግዳው ላይ ይሰካዋል። ሌላኛው ጫፍ ለካስ ቀድሞ ከጎኑ ተሰክቷል። ጎሬዬን ስከፍት 48ቱም መብራቶች በአንድ ልብ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ሕንፃው ውስጥ አንድም ኮምፒውተር አይሠራም። ሉፕ ነው። በራውተሮች መካከል የሚሄድ መልእክት በየደረሰበት አንድ አንድ የሚቀነስ ዕድሜ አለው፤ ሲያልቅ ይሞታል። በስዊቾች መካከል የሚሄደው ግን ዕድሜ አልተሰጠውም። ክብ መንገድ ካገኘ እየተባዛ ለዘላለም ይዞራል። ለዚህ መድኃኒቱን ያገኘችው ራዲያ ፐርልማን የምትባል አሜሪካዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1985። ስዊቾቹ እርስ በርስ ተነጋግረው አንዱን ሥር አድርገው ይመርጣሉ፤ ከዚያ ክብ የሚፈጥረውን መንገድ ራሳቸው ይዘጉታል። ሥር የሚሆነው ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ቁጥር ያለው ነው። ይህን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «ያነሰው?» ብለው ሁለቴ አስደግመውኝ ፈገግ አሉ። በዚያች ቀን ግን መድኃኒቱ አልሠራም። ኬብሉ በተሰካበት ክፍል ውስጥ ማንም ሳይነግረኝ የተገዛች ርካሽ ስዊች ነበረችና ያን ቋንቋ አታውቅም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ጥቂት ዓመታት አልፈውታል። ወሩ ጥቅምት ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ አለቃ አስጠራኝና በሩን ዘግቶ፣ «የመዝገብ ቤቷ ሴት በምሳ ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ ምን እንደምትሠራ ማወቅ ይቻላል?» አለኝ። «ይቻላል» አልሁ። የቴክኒክ ሰው በሽታ ይህ ነው፤ ይቻላል ወይ ስትለው ይገባል ወይ ያልኸው አይመስለውም። ይቻላል ማለት ደግሞ ክብሩ ነው።

ሥራው ሁለት መስመር ትእዛዝ ነው። በ31ኛው በር የሚያልፈውን ሁሉ ግልባጩን ወደ 48ኛው በር ላክ። በ48ኛው በር ላይ የኔ ላፕቶፕ አለ። አንዲት ነገር ግን ሆን ብዬ ተውሁ፤ ሴቭ አላደረግሁትም። ስዊች ሁለት ዓይነት ልብ አለው። አሁን የሚሠራበትን በአንዱ ይይዛል፤ ጠፍቶ ሲነሣ የሚያነበው ሌላ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ካልገለበጥኸው፣ መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱ ሲደክም ያዘዝኸው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። እኔም በልቤ «መብራት ሲጠፋ ራሱ ይጠፋል፤ እኔ አላቆየሁትም» አልሁ። በሳምንት ስንት ጊዜ የሚጠፋው መብራት 9 ቀን ሙሉ አልጠፋም። እንዲህ ያለ ደግነት ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አይቼ አላውቅም። ኃላፊነቱን ለመብራት አስረክቤ መብራት ከዳኝ።

የተያዘው ምን ነበር? ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ ተቆልፎ ነው የሚያልፈው። ውስጡ አይታይም፤ የሚታየው ወዴት እንደሄደ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል እንደቆየ ነው። ፖስታው ብቻ። ይህ ደግሞ ሕሊናዬን በጣም አስተኛው። ከስዊቹ በላይ ያየሁት ነገር የለም፤ እሱም የሚያየው ፖስታውን ነው፤ እኔም እንደዚያው ነኝ አልሁ። ሰዓትና ስም ደርድሬ በሁለት ገጽ አትሜ ሰጠሁ።

አለቃው በእስክሪብቶው ጫፍ አንዱን መስመር መታ መታ አደረገው። በየቀኑ፣ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ገጽ።

«ይቺ ሴት ከውጭ መንግሥት ጋር በምሳ ሰዓት ምን ጉዳይ አላት?»

«ጥቅምት ነው እኮ፤ ዲቪ ይሆናል» አልሁት።

«ዲቪ አንድ ሰው በዓመት አንዴ አይደል የሚሞላው? ሁለቴ ከሞላ ይሰረዛል። በየቀኑ ለማን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ዝም አልሁ። ዝምታዬን ከወረቀቱ ጋር አያይዞ ወሰደው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሉፑን ያየ ሰው ይገምተዋል። ወሬው ከአለቃው ቢሮ ወጣ፣ በሻይ ቤት ዞረ፣ አድጎ ተመልሶ ወደ አለቃው ቢሮ ገባ፤ አለቃውም ከሌላ ሰው ሲሰማው «አየህ፣ ሌላውም ያውቃል» አለ። ዕድሜ ያልተሰጠው ነገር። ወሩ ሳያልቅ ሴትዮዋ ወደ ሉማሜ ተዛወረች። ደብዳቤው ላይ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ይላል።

ጾመ ነቢያት ገብቶ ለንስሐ ሄድሁ። የራሴን ኑዛዜ እኔው ማውጣቴ ስለሆነ ሕግ የጣስሁ አይመስለኝም፤ አባቴንም አስፈቅጃለሁ። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የተማሩ፣ ስልካቸው በጎማ የታሰረ አሮጌ ኖኪያ የሆነ ሽማግሌ ናቸው።

«ይፍቱኝ መምሬ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ተናገርሁ። ከኑዛዜ ይልቅ ክርክር ነበር። ገመድ መንገድ ነው፣ መንገድ ደግሞ ለሚሄድበት አይጠየቅም አልሁ፤ የዓባይን ድልድይ ሌባም ይሻገረዋል አልሁ። መልአክ የሚለው ቃል ራሱ ከ«ለአከ» የወጣ ነው፣ መልእክትም መልእክተኛም ከዚያው ነው፣ ተላኪ ማለት እንጂ ጠያቂ ማለት አይደለም ብዬ ግእዝ በግእዝ ሰው ፊት አወጣሁ። በመጨረሻም «እኔ ያየሁት ፖስታውን ብቻ ነው» አልኋቸው።

ዝም ብለው ቆዩና፣ «ኦርዮ ለኢዮአብ የወሰደውን ደብዳቤ መንገድ ላይ ከፍቶት ቢሆንስ?» አሉኝ።

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዳዊት ቤርሳቤህን ከወሰደ በኋላ ባሏን ኦርዮን ወደ ጦር ሜዳ መለሰው፤ በእጁም ለጦር አለቃው ለኢዮአብ ደብዳቤ አስያዘው። ደብዳቤው ኦርዮ ጦርነቱ በበረታበት እንዲቆምና እንዲሞት የሚያዝ ነበር። ሰውየው የሞት ፍርዱን በገዛ እጁ ተሸክሞ ሄደ፤ አልከፈተውም። ታማኝ ተላኪ ስለነበረ ሞተ።

«ቢከፍተው ይድን ነበር» አልሁ።

«ይድን ነበር። ግን ኦርዮ አይሆንም ነበር። ጻፊው ዳዊት ነው፣ ፈጻሚው ኢዮአብ ነው፣ ተሸካሚው ኦርዮ ነው። አንተ ከሦስቱ የትኛው ነህ?»

ኦርዮ ነኝ ለማለት አፌን ከፈትሁ፤ ዘጋሁት። የታዘዝሁትን ያደረስሁ ነኝና ኢዮአብ ነኝ ልል ፈለግሁ፤ ግን ደብዳቤው ለኔ አልተጻፈም። ቆይቶ ገባኝ። በታሪኩ ውስጥ የሌለ አራተኛ ሰው ነኝ። መንገድ ላይ ቆሞ፣ ማኅተሙን ሳይነካ፣ «ከንጉሡ ለኢዮአብ፣ በኦርዮ እጅ፣ በዚህ ሰዓት» ብሎ የሚጽፍና ጽሑፉን ይዞ ወደ ሦስተኛ ሰው ቤት የሚሮጥ።

«ሰሙን ነው የያዝኸው» አሉኝ መምሬ። ጎጃም ተቀምጦ ስለዚህ ነገር ሲጻፍ ሰምና ወርቅ ሳይነሣ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ ይቅር በሉኝ፣ ያነሡት እሳቸው ናቸው። «ሰሙ ኃጢአት የለበትም። ሰሙን ብቻ ይዘህ ወርቁን ከራስህ ኪስ ስታወጣ ግን ቅኔው የባለቤቱ መሆኑ ቀረ። አለቃህ ያደረገው ይህን ነው። ሰሙን ያቀበልኸው አንተ ነህ።»

ሽንፈቴን በቀላሉ አልቀበልም። «እግዚአብሔርስ ሁሉን ያይ የለም እንዴ? በጓዳ ያለውንም? ማየት ኃጢአት ከሆነ...»

«ያያል። ለማን አቀበለ?»

ይህን ዛሬም አኝከዋለሁ። ሕዝቅያስ ከደዌው በተነሣ ጊዜ እግዚአብሔር ኃጢአቱን ወደ ኋላው እንደጣለለት ተናግሯል። ሁሉን የሚያይ አምላክ ወደ ኋላው ጣለ ሲባል ምን ማለት ነው? ኋላ የሚባል የማይታይ ቦታ አለው እንዴ? ሊቃውንቱ የሚሉትን እነሱ ይበሉ። እኔ እንደገባኝ ግን አለማወቅ አይደለም፣ አለመያዝ ነው። አክስቴ በሲኒዋ ላይ የምትለው ነው። ከስዊቹ የተማርሁትም ግማሹን ብቻ ኖሯል። ፖስታውን ብቻ ስለሚያይ ንጹሕ መስሎኝ ነበር፤ ፖስታ ግን ንጹሕ አይደለም። ማን ለማን በስንት ሰዓት መባሉ ብቻውን ሰውን ሉማሜ ያደርሳል። ስዊቹን የሚያነጻው በ300 ሴኮንድ መርሳቱ ነው። ኑዛዜ የሚሰሙ ሽማግሌም፣ ማዞሪያ ላይ ያለች አክስትም፣ ማሽኑም የሚመሳሰሉት በዚህ ነው፤ ነገሩ በነሱ በኩል አለፈ እንጂ በነሱ ዘንድ አላደረም።

መምሬ ሁለተኛና የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ዝርዝሩ አሁን የት አለ?»

ላፕቶፔ ውስጥ ነበር። 5 ሳምንት ሆኖታል። ሌላ ሰው ቢሆን አያሰላውም፤ እኔ ግን እዚያው ተንበርክኬ አሰላሁት። ከ3 ሚሊዮን ሴኮንድ በላይ።

«እሱን አጥፋው። ማጥፋቱ ግን ለአንተ ነው የሚጠቅመው፤ ለእሷ ሄደህ ንገራት» አሉኝ። ስግደቱንም ሰጡኝ፤ ቁጥሩን ለራሴ አስቀራለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ሉማሜ ወረድሁ። በግማሽ ቀን ሥራ ላይ ነበረች፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ፋይል ታስራለች። «እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት» ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኋት። ሁለቱን መስመር ትእዛዝ፣ ዘጠኙን ቀን፣ ሁለቱን ገጽ። እያሰረች ታዳምጣለች። ስጨርስ ቀና አላለችም።

«ለዘበኞቹና ለጽዳቶቹ ነበር የምሞላላቸው» አለች። «ኮምፒውተር ቤት ገንዘብ እያስከፈሏቸው፣ ፎቶውን እያበላሹባቸው። አሥራ አንድ ሰው ሆኑ። በምሳ ሰዓት አንድ አንድ፣ ኔትወርኩ ካልተባበረ ሁለት ቀን ለአንድ ሰው። ውጤት ሲወጣ የሚታየው በማረጋገጫ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ለእያንዳንዳቸው አትሜ አጥፌ አስቀምጬ ነበር። ሳልሰጣቸው አዛወራችሁኝ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ይህን ሁሉ ቀን ስታይ ቁጥራቸውን አላየህም?»

«አላየሁም። እሱ ተቆልፎ ነው የሚያልፈው።»

«ታዲያ ምኑን ነው ያያችሁት?»

መልስ አልመለስሁላትም። የድሮ ጠረጴዛዋን ሦስተኛ መሳቢያ ቁልፍ ከቁልፍ ማያያዣዋ አውጥታ ሰጠችኝ።

ሰኞ መሳቢያውን ከፈትሁ። አሥራ አንድ ወረቀት፣ እያንዳንዱ በአራት ታጥፎ፣ በላዩ ስም ተጽፎበት በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። አልገለጥኋቸውም። ጽዳቶቹን ጎሬዋ በር ላይ መወልወያቸውን ሊያኖሩ ሲመጡ አገኘኋቸውና ለየባለቤቱ ሰጠሁ። የመጨረሻው የበሩ ዘበኛ ነበር፤ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ወረቀቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«ምን ይላል?»

«አያ፣ እኔ አላነበብሁትም። ያንተ ነው።»

«ምን ነካህ ልጄ፣ እኔ ፊደል የት አውቄ!» መልሶ ዘረጋልኝ። «ክፈትና አንብብልኝ እንጂ።»

ተቀበልሁና እጥፋቱን ዘረጋሁት። ከላይ ስሙ ከነአባቱ ነበር፤ ጮክ ብዬ ጀመርሁ። ከበሩ ወዲያ ሁለት ሰዎች መታወቂያ ሊያሳዩ ቆመዋል። ዘበኛው በእጁ ጉልበቴን ያዘኝ።

«ቀስ» አለኝ። «ለኔ ብቻ።»

ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን በጆሮው አነበብሁለት።